ኤልሲ ለቴፑ የተናገረችው

እናቴ ኖሪን የእናቷን ስም አትጠራም ነበር። አራት ዓመቷ ሳለ፣ የሕዝባችንን ልጆች እየሰበሰቡ የሚወስዱ የመንግሥት ሰዎች ከወንዙ ዳር ሰፈራችን ወስደው ማሳደጊያ አስገቧት። እዚያ ያሉት ሴቶች፣ እናትሽ መጠጥ በልጦባት ወዳ ነው የሰጠችሽ እያሉ አሳደጓት። አመነች። አድጋ ስትመለስ አያቴ ኤልሲ ሞታ ነበር፤ መቃብሯን እንኳ ሄዳ አላየችም።

ባለፈው ዓመት ከዋና ከተማው የመዛግብት ቤት ሰዎች መጡ። ድሮ አንድ የቋንቋ ተመራማሪ በሰፈራችን እየዞረ የቀዳው ድምፅ ስንት ዘመን ተቆልፎበት ኖሮ አሁን ለሕዝብ ተከፈተ አሉ። በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ድግስ ሆነ፤ ቋሊማ ተጠበሰ፣ ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። እናቴ አልሄድም ብላ ነበር። ከቀረጻዎቹ አንዳንዶቹ የኤልሲ መሆናቸውን ስነግራት ግን ሹራቧን አንሥታ መኪናው ውስጥ ገባች።

የኤልሲ የመጀመሪያው ቴፕ ተከፈተ። ተመራማሪው በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ይላል፤ አያቴ በቋንቋችን ትመልሳለች። ውሃ። እሳት። እጅ። ድምፁ ቁርጥ የእናቴ ድምፅ ነው። እናቴ ግን ቋንቋውን አታውቅም፤ ማሳደጊያው ውስጥ የተናገረው ይገረፍ ነበር። እኔም አላውቅም። ከአዳራሹ ሰው የሚያውቁት ዘጠና ሊሞላቸው የተቃረቡት፣ ሰፈሩ ሁሉ አጎት የሚላቸው አልቢ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ተመራማሪው ወደ ዓረፍተ ነገር ተሻገረ። «ውሻው ተኝቷል» በይ አላት። አያቴ ረዘም አድርጋ ተናገረች። «በጣም ጥሩ» አለና «ሰውየው ወደ ወንዙ ይሄዳል» በይ አላት። ይህንንም አረዘመችው።

«የኛ ውሻ ለመተኛት ይሄን ሁሉ ወሬ ይፈልጋል እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ። አጎት አልቢ አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እስቲ አቁሙት» አሉ።

ጁዲት የምትባለው የመዛግብት ቤቱ ሠራተኛ አቆመችው።

«ስለ ውሻ አይደለም የምታወራው» አሉ አጎት አልቢ፣ ወደ እናቴ ዞረው። «ኖሪን ጆሮዋን ካልያዙላት እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እዚያ ማን ይይዝላታል? ነው የምትለው።»

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። «ቀጥሎስ?»

«ሱቅ ሄጄ ሳለሁ ወሰዷት፤ መኪናውን እስከ ድልድዩ በሩጫ ተከተልኩት አለች። ከዚያ፣ ይሄ ሰውዬ የምለው አይገባውም፤ የሚገባው ከሰማኝ ግን ይንገርልኝ፤ ልጄን አልሰጠሁም አለች።»

እናቴ ተነሥታ ወጣች። ተከተልኳት። ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከቆሻሻ በርሜሎቹ አጠገብ ቆማለች። አላለቀሰችም።

«በሕይወቴ አንድ ነገር በደንብ ሠርቼ ከሆነ እሷን መጥላት ነው» አለች።

አጎት አልቢ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። «እዚሁ ነበርኩኮ፣ ልጄ። ያኔ ቢያሰሙኝ ያኔውኑ እነግርሽ ነበር።»

እናቴ ክንዳቸውን ያዘች።

ጁዲትም ደረሰች። ፊቷ ተለዋውጧል። ቤተሰቡ ከፈለገ ቀረጻው መልሶ ሊዘጋ እንደሚችል፣ ከእኛ በቀር ማንም እንደማይሰማው ነገረችን።

«የተዘጋበት ዘመን አነሰው?» አለች እናቴ። «የፈለገ ሁሉ ይስማው። እነዚያ የሳቁትም ይስሙት።»

ከዚያ በኋላ አጎት አልቢ እኛ ቤት እየመጡ የኤልሲን ቴፖች ከእናቴ ጋር ይሰሙ ጀመር። ጆሯቸው ደክሟል፤ ትንፋሻቸውም ያጥራቸዋል፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጠው የሚፈቱት ጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው። አንዳንዴ ደግሞ የሰሙትን ለመናገር ይከብዳቸውና ነገ ይሁን ብለው ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን ቴፕ ጨረሱ። ሁለተኛውን ሳይጀምሩ በክረምቱ ብርድ ሳንባቸው ታመመ፤ ከሆስፒታል አልተመለሱም።

አሁን ቀረጻዎቹ ኢንተርኔት ላይ ናቸው፤ ማንም ይከፍታቸዋል። ከመጀመሪያው ሥር የአጎት አልቢ ትርጉም አለ። ከሌሎቹ ሥር «ትርጉሙ አይታወቅም» ይላል። እናቴ እነሱንም ከፍታ እስከ መጨረሻው ትሰማለች። አልፎ አልፎ ስሟ ይጠራል፤ ከስሟ በፊትና በኋላ ያለው ግን አይገባትም።