ቁልፉን ማንም አይነካልህም

«ጋሽ ራዶይ፣ እርስዎ እኮ ለጣቢያችን ቅርስ ነዎት» አሉኝ ወይዘሮ ዳሚያኖቫ። ሰውን ቅርስ ማለት ከጀመሩ መደርደሪያ እየፈለጉለት ነው።

ወይዘሮ ዳሚያኖቫ የከተማችን የጋብሮቮ ሬዲዮ ኃላፊ ናቸው፤ እኔ የድምፅ አቀናባሪ። እንግዳው ሲያወራ የሳለውን እቆርጥለታለሁ፣ የተንተባተበውን አቃናለታለሁ። ስኳር በሽታ ዓይኔን ሲወስደው ሥራዬን አልወሰደውም፤ ድምፅ ለመቁረጥ ጆሮ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ እኔ ቁልፍ እጫናለሁ፤ እንዲህ ተግባብተን ስንኖር ጣቢያው ሲስተሙን በአዲስ ቀየረው። በማግስቱ ስገባ ያ የሚያነብልኝ ድምፅ «አዝራር፣ አዝራር፣ አዝራር» አለኝና ዝም አለ። ባልደረቦቼን ብጠይቅ አዲሱ ሲስተም በጣም ያምራል አሉኝ። ሁሉም ነገር ሥዕል ሆኗል።

«ለቅዱስ ዲሚታር ቀን የተራራው መንደሮች ፕሮግራም አለ አይደል» አሉ ወይዘሮ ዳሚያኖቫ። «ቅጂውን የያዙት እርስዎ ነዎት። እንደ ድሮው ራስዎ አቀናብረው ካመጡልኝ ውልዎን አድሳለሁ። ካልሆነም አይጨነቁ፤ የስልክ መቀበያው ክፍል ሞቃት ነው። ሶፋም አለው።»

በእኛ በቡልጋሮች ዘንድ የቅዱስ ዲሚታር ቀን ማለት ድሮ እረኛና ሎሌ የሚሰናበቱበት ቀን ነው። ይህን አስበው ይናገሩት ሳያስቡ አልጠየቅኳቸውም። ሶፋው ግን በሕልሜ መጣ።

መፍትሔውን ያመጣችው እህቴ ጌኖቬቫ ናት። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ እጄን ከማንሳቴ በፊት ስኒው እጄ ውስጥ ነው፤ ኮቴን እኔ ሳልሆን እሷ ትለብስልኛለች ማለት ይቻላል። ውጭም እንደዚያው ነው። መሻገር ሳልፈልግ ስንቱን መንገድ ተሻግሬያለሁ። ክንዴን ይዞ የሚያሻግረኝ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ደግ ስለሆነ መልሱኝ ለማለት አይመችም፤ ትንሽ ቆይቼ ራሴ እመለሳለሁ።

«በንባብ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ለኮምፒውተር የሚሆን ሲስተም የሚሰጡ ሰዎች አሉ አሉ» አለችኝ ጌኖቬቫ ከመዘምራን ልምምድ ስትመለስ።

«በስንት?»

«በነጻ።»

በጋብሮቮ ነጻ ነገር ሲባል ሰው ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተንኮሉ ምንድን ነው፣ ሁለት መውሰድ ይቻላል ወይ። በሳምንቱ ኮምፒውተሬን አቅፌ ከጌኖቬቫ ጋር ወረድኩ።

ንባብ ቤት የምንለው የሰፈሩ መጻሕፍት ቤትም የጭፈራ አዳራሽም ነው፤ ከላይ የባህል ጨዋታ ቡድኑ ወለሉን ይረግጣል። ከታች የሱፍ አበባ ፍሬ የሚፈለፍል ሰው ነበረ፤ ከወንበሩ ጩኸት ከባድ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ላቸዛር ይባላል፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከእሱ ወዲያ የሹራብ መርፌ ጠቅ ጠቅ ይላል። የመርፌዎቹ ባለቤት ኦግኒያና ናት፤ ቀን ቀን አሳንሰር ትጠግናለች፣ ማክሰኞ ማታ ይህን የኮምፒውተር ክበብ ትመራለች።

«ማን ነው የሚጭንልኝ?» አልኩ።

«አንተ» አለች ኦግኒያና።

«ዓይኔ አያይም።»

«እሱን አይተናል። ጣትህስ?»

«ጣቴ ደህና ነው።»

«እንግዲያው ተቀመጥ፣ ጋሼ።»

ጌኖቬቫ ወንበር እየሳበች «እኔ ልጻፍለት፣ እሱ ይንገረኝ» አለች።

«እትዬ፣ እዚህ ቤት የሰው ኪቦርድ አይነካም» አለች ኦግኒያና።

«ወንድሜ እኮ ነው።»

«ባልሽም ቢሆን።»

«እኔ አምና የአንዱን ነክቼ ክረምቱን ሙሉ ወለል ጠርጌያለሁ» አለ ላቸዛር ፍሬውን እየፈለፈለ።

ምክንያቱን ጠየቅኩ። ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ነጻነት ምናምን። ኦግኒያና ግን «ራስህ ያልሠራኸውን አትጠግነውም» አለች። «ሲበላሽብህ እሁድ እሁድ ቤቴ ትመጣለህ። እኔ እሁድ ቤቴ ሰው አልወድም።»

ሲስተሙ ከሊኑክስ ቤተሰብ ነው። ሌላው ተሰፍቶ የተሰቀለ ሹራብ ነው ብንል ይሄ ክርና መርፌ ነው፤ የምትፈልገውን እያነበብክ ራስህ ትሠራዋለህ። በዚያ ምሽት ከአጠገቤ የተቀመጠ አንድ አዲስ መጤ «ሥዕል የለውም እኮ፣ ጥቁር ብቻ ነው» እያለ ያማርር ነበር። ጥቁሩን እኔ ለምጄዋለሁ። ኮምፒውተሬ ሲነሳ ጢጥ አለ፤ አስቀድሜ በላቸዛር ኮምፒውተር ያስነበብኩት የመጫኛ መመሪያ እንዳዘዘው አንድ ቁልፍ ወደ ታች ወርጄ አስገባ የሚለውን ተጫንኩ፣ ድምፅ መጣ። አፍንጫው የታፈነ የባቡር ጣቢያ ለፋፊ ይመስላል። ግን ሁሉንም ነገር በስሙ ይጠራል። አዝራር አላለኝም። ቃል ብቻ ባለበት ስክሪን ፊት ከእኔ የሚበልጥ ሰው አልነበረም፤ አዲስ መጤው እንዲያውም መነጽሩን ረስቶ ነበር የመጣው።

ማንም ክንዴን አልያዘም። ስሳሳት ኦግኒያና «መመሪያውን መልሰህ አስነብበው» ትላለች እንጂ እጇ አይመጣም። አንዴ አንድ ትእዛዝ ስጽፍ ፊደል እየዘለልኩ ብዙ ፈጀሁ፤ እሷ እየጠበቀች፣ ላቸዛር እየፈለፈለ፣ ከላይ እየጨፈሩ። ሲሳካልኝ ያለ ምክንያት ሳልኩ። ያን ሳል ቅጂ ላይ ባገኘው ቆርጬ አወጣው ነበር።

አሁን ስለ መርፌው ልናገር። ኦግኒያና ሹራብ የምትሠራው ስለሚበርዳት አይደለም። «እጄ ሥራ ካልያዘ የሰው ኪቦርድ ላይ ይሄዳል» ትላለች። እኔ ደግሞ ኑሮዬ በጆሮ ነው። በሁለተኛው ማክሰኞ አንድ ነገር ደረስኩበት፤ ትክክል ስጽፍ መርፌው ይሄዳል፣ ልሳሳት ስል ይቆማል። ከዚያ ወዲያ መመሪያውን ትቼ መርፌውን አነብ ጀመር። መርፌው ሲቆም አጠፋለሁ፣ ሌላ እሞክራለሁ፣ መርፌው ሲቀጥል እጫናለሁ።

«ጋሼ እኮ እንደ ወፍ እየበረረ ነው» አለ ላቸዛር።

«እንዲያው ትንሽ ትኩረት ነው» አልኩት።

ዲስክ የሚመረጥበት ቦታ ደረስን። ሲስተሙ የሚሰፍርበትን ዲስክ መርጠህ ባዶ ታደርገዋለህ። የተራራው መንደሮች ቅጂ ያለበት የውጭ ዲስክ ከጎን ተሰክቷል፤ መመሪያው አስቀድመህ ንቀለው ይላል፣ እኔም ሰምቼ ኋላ ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ዲስክ ስም ጻፍኩ። ትክክለኛው እሱ ነው፤ ጣቴ አስገባ የሚለው ላይ ሳለ ግን መርፌው ቆመ።

አጠፋሁና የሁለተኛውን ጻፍኩ። መርፌው ቀጠለ። ተጫንኩ። «እርግጠኛ ነህ?» ሲለኝ፣ አዎ።

ትንሽ ቆይታ ኦግኒያና «ጋሼ፣ ለምን ሁለተኛውን?» አለችኝ።

«አቁመሽ ነበር እኮ።»

«ምኑን?»

«መርፌውን።»

ላቸዛር መፈልፈሉን ተወ።

«አንድ ቋጠሮ አምልጦኝ ነው፣ ጋሼ። አጎንብሼ እሱን እየፈለግኩ ነበር።»

ከላይ ሰዎቹ ይጨፍራሉ። ባዶ ያደረግኩት ቅጂው ያለበትን ዲስክ ነው። እኔ ሶፋውን አሰብኩ። ከቆዳ ነው የተሠራው፣ ሲቀመጡበት ይተነፍሳል።

«እጅህን አንሳ፣ ምንም አትንካ» አለች ኦግኒያና። በዚያ ቤት እጅህን አንሳ ስባል የመጀመሪያዬ ነው። «ላቸዛር፣ ጠፋ?»

«የጠፋው የበር ቁጥሩ ነው። ሰዎቹ ቤት ውስጥ አሉ» አለ ላቸዛር። «ፋይሎቹ አልጠፉም ማለቴ ነው፣ አዲስ ነገር ካልጻፍንበት። ግን እኔ እንዲህ ያለውን አንድ ጊዜ ነው ያየሁት፣ እሱም አልዳነም። መድረኩ ላይ ይጠየቅ።»

መድረክ የሚሉት የዚህ ሲስተም ሰዎች ከየአገሩ በጽሑፍ የሚነጋገሩበት ቦታ ነው። በላቸዛር ኮምፒውተር ላይ የራሴን ኪቦርድ ሰክቼ ራሴ ጻፍኩ። እንግሊዝኛዬ ከድሮ የመርከብ ሬዲዮ የተለቀመ ነው፤ ይሰማል ግን ይንኮሻኮሻል። ተርቱ ከምትባል የኤስቶኒያ ከተማ ኡርማስ የሚባል ሰው ወዲያው መለሰልኝ። አይዞህ አላለኝም። «የትኛውን ገጽ አነበብክ? በትክክል ምን ጻፍክ? ምንም ሳታስቀር ንገረን» ነው ያለው።

ምንም ሳላስቀር ነገርኩት።

«መርፌውን ምን አመጣው? ተወው እንጂ» አለ ላቸዛር ጽሑፉ ሲነበብ ሰምቶ።

«ይግባ» አለች ኦግኒያና። «ምንም ሳታስቀር ነው የተባለው።»

ኡርማስ እንዲህ መለሰ፤ «የመርፌው ጉዳይ ለመፍትሔው አያስፈልግም። ቢሆንም አመሰግናለሁ።» ከሥር ፋይሎቹ የተከለሉበትን የጠፋውን ድንበር ዲስኩ ላይ እየዞረ የሚፈልግ ፕሮግራም ስም ሰጠኝ፤ የቱ ጋ መጠንቀቅ እንዳለብኝ በየመስመሩ ጻፈልኝ። የማያውቀኝ ሰው ነው። እራቱ ሳይቀዘቅዝበት አልቀረም።

ኦግኒያና ሹራቡን ከረጢት ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወንበሯ ሲጢጥ አለ፤ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር አድርጋ መቀመጧ እንደነበር ላቸዛር ኋላ ነገረኝ። ያን ሁሉ ትእዛዝ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ፊደል በፊደል፣ እያስነበብኩ። እየፈራሁ ስለነበር ሰው ቢነጥቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልነጠቁኝም። ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ፤ ያን ቀን ቢነጥቁኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ክንዴን ለሰው እሰጥ ነበር።

ፕሮግራሙ ብዙ ዞረ። በመጨረሻ የታፈነው ለፋፊ ድንበሩን አገኘሁ አለ፤ ጻፈው አልኩት፣ ጻፈው። የመጀመሪያውን ፋይል ከፈትኩ። ከተራራው ጫፍ መንደር የቀዳኋት አሮጊት ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ይሄ ነገር በርቷል ወይስ እንዲሁ ነው የምለፈልፈው?»

«በርቷል፣ እማማ» አለ ላቸዛር ቀስ ብሎ።

ፕሮግራሙን በአዲሱ ሲስተም አቀናበርኩ፤ ሁሉም በቁልፍ ነው፣ ሁሉም ስም አለው። ጌኖቬቫ ትልቅ ትሪ የአይብ ባኒጻ ጋገረችና ወደ ክበቡ ይዘን ሄድን። ቆሜ ምስጋና ልናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ ኦግኒያና አፏን ሞልታ አቋረጠችኝ።

«ባኒጻው ደርሶናል። ምስጋናህን ግን እዚህ አታራግፈው።»

«የት ልውሰደው?»

«መመሪያው ገጽ ላይ፤ ማንም የሚጽፍበትና የሚያርመው ነው። ሳያይ ለሚጭን ሰው የተጻፈው ገጽ ዲስክ ምረጥ ብሎ ያልፋል። እንዴት እንደሚመረጥ አይልም። ጻፈው።»

«እኔ?»

«እዚህ የተሳሳተ ሰው አንተ ነህ። ከአንተ የተሻለ ማን ያውቃል?»

ጻፍኩ። የውጭ ዲስክ ካለ ይነቀል፤ የእያንዳንዱ ዲስክ መጠን ይነበብ፤ ስሙ ተጽፎ ሲያልቅ አንድ ጊዜ መልሶ ይነበብ። መጨረሻ ላይ «የጎረቤትን ዝምታ እንደ ምክር አትውሰድ» ብዬ ጨመርኩ። ሻዬን ሳልጨርስ ኡርማስ ያችን ዓረፍተ ነገር ሰረዛት፤ አያስፈልግም ብሎ። ፖርቶ ያለች አንዲት ሴት መለሰቻት፤ በጣም ታስፈልጋለች ብላ። እንደኔው የማታይ ናት። ሁለቱ ሳምንቱን ሙሉ በትሕትና ተነታረኩ፤ እኔም ሁለቱንም እየደገፍኩ ጻፍኩ። ያኔ ነው አባል መሆኔ የገባኝ። እዚያ ሰፈር እንኳን ደህና መጣህ የሚባለው በክርክር ነው።

በቅዱስ ዲሚታር ዋዜማ ኮምፒውተሬን ይዤ ወይዘሮ ዳሚያኖቫ ቢሮ ገባሁ። ፕሮግራሙን አጫወትኩላቸው። እስኪያልቅ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንኳኩ አልሰማሁም፤ እሳቸው ደግሞ በስብሰባ ላይ እንኳ ያንኳኳሉ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰከንድ ያህል ይቁረጡ አሉኝ። ሊፈትኑኝ ነው። እዚያው ፊታቸው ቆርጬ አሰማኋቸው።

«ማን ነው የረዳዎት?» አሉ።

ቆጠርኩላቸው። ቁልፌን ያልነካችልኝ የአሳንሰር ጠጋኝ፣ የበር ቁጥር ብቻ ነው የጠፋው ያለኝ ዳቦ ጋጋሪ፣ ተርቱ ያለው ኡርማስ፣ የፖርቶዋ ሴትዮ፣ ለፋፊው ቡልጋርኛ እንዲናገር ያደረጉት የማላውቃቸው ሰዎች፣ መመሪያውን የጻፉት፣ የጻፉትን ያረሙት። እየቆጠርኩ ሳለሁ እንደማያልቅ ገባኝ። የሰማኋቸውን እንኳ አልጨረስኩም።

«ብቻዎን አልሠሩትም ማለት ነው» አሉ።

«ብቻውን የሠራው ሰው የለም፣ ወይዘሮ ዳሚያኖቫ።»

«ውሉ ግን ለአንድ ሰው ነው» አሉና መሳቢያ ሳቡ። ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተንሸራተተ። ቀጥሎ ወንበራቸው ወደ ኋላ ሄደ፣ ጫማቸው ዞሮ ወደ እኔ መጣ። እስክሪብቶ እጄ ላይ አደረጉ፤ ሌባ ጣቴን ይዘው ወረቀቱ ላይ የሚፈረምበት መስመር መጀመሪያ ላይ አሳረፉት።

«እዚህ ጋ» አሉ።

ወረቀት አይናገርም፤ ለዚህ የሰው እጅ ያስፈልጋል። አመሰገንኳቸውና ፈረምኩ።