ከንፈሩ ያበጠው አማች

ሊፍት ጠጋኙ በዚህ ዓለም የሚፈራቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ ንብና አክስቱ። አሥረኛ ፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ጨለማ ውስጥ ሲሠራ ቅንጣት የማይሸበረው ሰው፣ ጆሮው ሥር ጥዝዝ የሚል ድምፅ ከሰማ ቀልቡ ይገፈፋል። አክስቱ ደግሞ ጥዝዝ ሳትል የምትነድፍ ናት። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም በአንድ ሞተር አፈናጦ ሄደ፤ አንዷን እያወቀ፣ ሌላዋን ሳያውቅ።

የወጣበት ጉዳይ እንደዋዛ የሚታይ አልነበረም። የሚወዳት ልጅ መሃል ከተማ አንድ ረጅም ሕንፃ ላይ መነጽር ቤት ውስጥ ትሠራለች። የሕንፃው ሊፍት በተበላሸ ቁጥር እየመጣ ሲጠግን ተግባቡ። ቆይቶ ሊፍቱ ሳይበላሽም መምጣት ጀመረ። አሁን ነገሩ ከረረና አባቷን ሊያነጋግር ነው። አባትየው ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳድገዋል። ንግግር የማይወዱ፣ ሰውን በመነጽራቸው አናት ላይ አሻግረው እንደ መድኃኒት ማዘዣ የሚያነቡ ሰው ናቸው። ልጅቷም አስቀድማ፣ "አባዬ ውሸት አይወድም፤ ሌላውን ሁሉ ይችላል" ብላ አስጠንቅቃዋለች።

ሊፍት ጠጋኙ እናትና አባት የሉትም። ከጎኑ ተቀምጣ "ልጃችን ነው" የምትልለት አክስቱ ብቻ ናት፤ የአባቱ ታላቅ እህት። መጋረጃ ሰፊ ናት። ደንበኞቿ ግማሹን ለመጋረጃው፣ ግማሹን ለወሬዋ ነው የሚመጡት። ክፋት የላትም። ብቻ ነገር ሳስቶ ስታይ ዝም ማለት አይሆንላትም፤ ወዲያው ገበር ታበጅለታለች። ዓይኗን በጨው አጥባ ነጩን ጥቁር ስትል ሰሚው ሳይሆን ነጩ ራሱ የሚጠራጠር ይመስላል።

"ዛሬ ግን እባክሽ" አላት ሞተሩን እያስነሳ፣ "የሆነውን ብቻ ተናገሪ።"

"እኔ መቼ ያልሆነ ነገር ተናግሬ አውቃለሁ?" አለችና ፀጉሯ እንዳይበላሽ ሄልሜቷን እንደ ዘውድ አናቷ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

ገና ከሰፈር ሳይወጡ አበባ ሻጭ አይታ ትከሻውን ጠፈጠፈችው። ባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባም ብላ ከባልዲው ውስጥ ትልቁን እቅፍ አስወጣችና ተመልሳ ሞተሩ ላይ ወጣች። አበባው ከኋላ የሚይዘው ቦታ ስላጣ በትከሻው ላይ አሻግራ ከአገጩ ሥር ደቀነችው። ከሩቅ ለሚያየው ሞተር የሚነዳው የአበባ ማስቀመጫ ነበር የሚመስለው።

"መስታወቱን ክፈተው" አለችው ደግሞ ከኋላ፣ የሄልሜቱን የፊት መስታወት በጣቷ እየቆረቆረች።

"አቧራ ይገባል።"

"እኔ የምለው ካልገባ አቧራው ቢገባ ምን አለበት? ክፈተው አልኩህ፤ የምትናገረውን እናጥና!"

ከፈተው። አክስቱም ጆሮው ላይ ተለጥፋ ታስጠናው ጀመር። "አባባ፣ እንደምን ዋሉ ትላለህ። ጎንበስ ትላለህ፤ ግን ብዙ አትጎንብስ፣ የጠፋ ሳንቲም የምትፈልግ ትመስላለህ። ከዚያ ልጅዎን ላገባ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። በል ድገመው!"

"አባባ፣ እንደምን ዋሉ። ልጅዎን..."

ከዚያ በላይ አልሄደም። ከአበባው እምብርት አንዲት ንብ ወጥታ በነፋሱ ተገፍታ በተከፈተው መስታወት ገባችና የላይኛው ከንፈሩ ላይ አረፈች። አየኋት ሳይል ነደፈችው። ሰውነቱ በኤሌክትሪክ የተያዘ ያህል ተንዘፈዘፈ። ሞተሩ ወደ ግራ አለ፣ ወደ ቀኝ አለ፤ አክስቱ የመጀመሪያ ጩኸቷን ለቀቀች። ሞተር ዘጠኝ ዓመት የነዳ ባይሆን ኖሮ ሁለቱም እዚያው አስፋልቱ ላይ ይዘረጉ ነበር። እጁ ፊቱን ሊመታ ሲቋምጥ፣ "መሪውን አትልቀቅ፣ መሪውን አትልቀቅ" እያለ ራሱን ለመነ። ነዳጁን ቀነሰ፣ ቀስ ብሎ ዳር ያዘ፣ ቆመ። ከዚያ ብቻ ነው እንደ እብድ ሄልሜቱን መንጭቆ ያወለቀው። ሲያወልቀው ደግሞ በጉንጩና በስፖንጁ መሃል ተጨንቃ የነበረች ሁለተኛ ንብ ተናዳ ቅንድቡ ሥር ወጋችው።

አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ተመለከቱ። አንድ ጎረምሳ ሰውዬ መንገድ ዳር በአንድ እግሩ ይዘላል፤ ከኋላው አንዲት ሴትዮ በአበባ እቅፍ ጭንቅላቱን ትደበድበዋለች። "ምን አርጓት ነው?" አለ አንዱ። "ደግ አደረገች" አለች ሌላዋ፣ ምኑንም ሳታውቅ።

ንቦቹ ሲሄዱ አክስቱ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ መረመረችው። እያየችው ከንፈሩ ልክ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል።

"ምንም አይታወቅም" አለች።

በሞተሩ መስታወት ራሱን አየ። ክው አለ። "እንመለስ" ለማለት ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን "እንነለስ" ነው። "ም" የምትባል ፊደል ከንፈሩ ላይ ሞታ ቀርታለች። "ብ"ንና "ፍ"ንም ሞከራቸው፤ እነሱም የሉም።

"አንመለስም! ሰው ቤቱን አሰናድቶ እየጠበቀን? ቤታቸው ይኸው ከመታጠፊያው ቀጥሎ አይደል እንዴ?"

"እንግዲያው ንው ነደሐው ውለሽ ንገሪያቸው!"

"ንብ? ሊያገባ የመጣ ወንድ ንብ አሸነፈው ሊባል?" አክስቱ አበባውን አስተካክላ ወደ ሰማይ አየች። "ለእኔ ተወው።"

ሊፍት ጠጋኙ ከንቦቹ ንድፊያ ይልቅ ያቺ ቃል አመመችው። አንዱ ዓይኑ እየጠበበ ስለነበር መንዳቱን ተወው። ሞተሩን አጥፍቶ እየገፋ፣ እሷ አበባውን ታቅፋ ከጎኑ እየሄደች ደረሱ።

በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት። ፊቱን ስታይ እጇ ወደ አፏ ሄደ። ከኋላዋ አባትየው ቆመዋል፤ ቀጭን ረጅም ሰው፣ ሹራባቸው እስከ አንገት የተቆለፈ። ሊፍት ጠጋኙ አክስቱ ባስጠናችው ልክ ጎንበስ አለ።

"አዋዋ፣ እንደን ዋሉ።"

አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ምን አለ?"

"እንደምን ዋሉ ነው የሚለው" አለች አክስት ቀድማ ገብታ፣ "ደግሞ ቤትዎ እንዴት ደስ ይላል ይላል።"

ገቡ፤ ተቀመጡ። ልጅቷ አበባውን ማስቀመጫ ውስጥ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አባትየው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እንግዳውን አነበቡት።

"ፊቱ ምን ሆኖ ነው?"

"ንው ነደ..." ብሎ ጀመረ ሊፍት ጠጋኙ።

"ውሻ!" አለች አክስት ከአፉ ነጥቃ። "የዚህን የሚያህል ውሻ! አንድ ሕፃን ላይ ሊዘል ሲል እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እሱ እቴ! ሞተሩን ትቶ መሃል ገባ።"

"ውሻው ከንፈሩን ነከሰው?"

"አልነከሰውም..." አክስት ለቅጽበት ገበሩ አጠራት። "በጥፊ ነው የመታው።"

"ውሻው።"

"በኋላ እግሩ ቆሞ።"

ሊፍት ጠጋኙ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ራሱን በኃይል ነቀነቀ። አክስት ግን፣ "አያችሁ? ስሜን አታንሺ እያለኝ ነው። ሙገሳ አይወድም" አለች።

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?" አሉ አባትየው፣ አሁን በቀጥታ ለሱ።

"ሊህት ጠጋኝ ነኝ።"

"የከተማው ሊፍት በሙሉ በሱ ትእዛዝ ነው የሚወጣና የሚወርደው" አለች አክስት።

"አይደለን!" ሊፍት ጠጋኙ ደሙ ፈላና ብድግ አለ። "ተቀጣሪ ነኝ! ሦስት ሆነን ነው የንንሠራው!"

"ሦስት መሥሪያ ቤት አለኝ ነው የሚለው..."

"እትዬ" አለች ልጅቷ። ከመስኮቱ ተመልሳ ዓይኗን እየጠረገች ከአባቷ ወንበር አጠገብ ቆመች። "እሱ እንደዛ አላለም። አባዬ፣ ተቀጣሪ ነኝ ነው ያለው። ሦስት ሆነው ነው የሚሠሩት። አለቃም አይደለም። ቅድምም ንብ ነደፈኝ ነው ያለህ።"

አባትየው ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። በሩ ተዘጋ።

"ይኸው አበላሸሽው" አለች አክስት ለልጅቷ፣ በሹክሹክታ። "ውሻውን እኮ አምነውኝ ነበር።"

ሊፍት ጠጋኙ ሄልሜቱን አነሣ። አለቀ፤ ወጥቶ መሄድ ብቻ ነው የቀረው። ከበሩ ሳይደርስ ግን አባትየው አጉሊ መነጽር፣ አንድ የፕላስቲክ ካርድና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይዘው ተመለሱ። ወንበሩ ላይ መልሰው አስቀመጡት፣ አገጩን ወደ ብርሃን ቀና አደረጉና አተኩረው አዩ።

"እህቴ" አሉ ለአክስት፣ ቀና ሳይሉ፣ "ይህ ውሻዎ መንደፊያውን ከንፈሩ ላይ ትቶ ነው የሄደው።"

በካርዱ ጠርዝ ሙልጭ አድርገው ፋቁት። ቅንድቡም ሥር ሌላ አገኙ፤ ያንንም ፋቁ። "ትንፋሽ ያጥርሃል? ጉሮሮህን ያፍንሃል? ራስህን ያዞርሃል?" እያሉ ጠየቁት፤ እሱም ለሁሉም ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። በረዶውን ሰጡት። ይህን ሲያደርጉ፣ ከአበባው መሃል ሦስተኛዋ ንብ ክንፏን እያራገፈች ወጣች፤ የጠረጴዛውን ልብስ አቋርጣ በእርጋታ ወደ አክስት አመራች።

"ውሻው!" አሉ አባትየው።

አክስት ወንበሩ ላይ በቁሟ ወጣች። አባትየው ብርጭቆ ደፍተው ንቧን ያዟት፣ ከሥር ወረቀት አሾለኩ፣ በመስኮት ሸኟት። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ይላወስ ነበር። መጀመሪያ ሳል መሰለ። ከዚያ ሳቅ ሆነ፤ ቁጭ ብለው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "በኋላ እግሩ ቆሞ!" ይላሉ፤ እንደገና ይስቃሉ። ልጅቷም የዋጠችውን ሁሉ አወጣችው። ሊፍት ጠጋኙ ሊስቅ ሲል ከንፈሩ ስለሚሰነጠቅበት በዓይኑ ብቻ ሳቀ፤ በተከፈተው በአንዱ።

አክስት ከወንበሩ ወረደች። የምትደርበው ጨርቅ አልቆባታል። "አበባውን የገዛሁት እኔ ነኝ" አለች፣ ማንም በማያውቀው ቀጭን ድምፅ። "መስታወቱንም ክፈት ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አቧራ ይገባል ብሎኝ ነበር።" ቀሚሷን አስተካከለች። "ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።"

አባትየው ሳቃቸውን ሰብስበው ረጋ ብለው አዩዋት። "ከተናገሩት ሁሉ ያመንኩዎት ይህን የመጨረሻውን ነው" አሉ።

ሰዓቱ ሲገፋ አክስት ማስረከብ ያለባት መጋረጃ ትዝ አላት። ሊፍት ጠጋኙ ቁልፉን ሊያነሣ ሲል አባትየው እጃቸውን ጫኑበት። "በአንድ ዓይን ሞተር አይነዳም። እብጠቱ እስኪረጋ እዚሁ ትቆያለህ፤ ላይህ እፈልጋለሁ።"

"ታዲያ እኔ በምን ልሂድ?" አለች አክስት።

"እኔ አደርስዎታለሁ" አለች ልጅቷ፤ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አድርጋ ሄልሜቱን ገልብጣ አራገፈች፣ ውስጡንም በጣቷ ዳሰሰች። ምን እንዳለች የገባት ሄልሜቱን አጥልቃ ከጨረሰች በኋላ ነው።

"በምን ታደርሻቸዋለሽ?" አሉ አባትየው።

ልጅቷ መስታወቱን ዘጋችው። "እመለሳለሁ፣ አባዬ" አለች ከውስጥ፤ አክስትን በክንዷ ይዛ ወጣች።

ሁለቱ ወንዶች መስኮቱ ጋ ቆሙ። ሞተሩ ተነሣ፣ አንዴ እንደ ፈረስ ዘለለ፣ ከዚያ ተስተካክሎ በመንገዱ ቁልቁል ሄደ። የአክስት ጩኸት ከሞተሩ ድምፅ በላይ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተሰማ፤ የፍርሃት ይሁን የደስታ አይለይም ነበር።

ሊፍት ጠጋኙ በረዶውን ፊቱ ላይ ጫን አድርጎ የቁጣቸውን መብረቅ ጠበቀ።

"ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀችው" አሉ አባትየው።

ዞሮ አያቸው። በተከፈተው ዓይኑ የሰማውን ማመን አቃተው።

"ምን ታየኛለህ? ድሮ መድኃኒት የማመላልሰው በሞተር ነበር።" ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም። "ያስተማርካት አንተ ነህ?"

ውሸት ቢያምረውም ከንፈሩ አይችለውም። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ አስተርጓሚም እንደሌለ፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜም እንደማይመጣ ታየውና በረዶውን አስቀምጦ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"አዋዋ፣ ልጅዎን ላገዋ ሐቃድዎን ልጠይቅ ነው የነጣሁት። እወዳታለሁ። አከውራታለሁ።"

ሽማግሌው ቃል በቃል፣ የጎደለውን ሁሉ እየሞሉ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

"ገብቶኛል" አሉ። "እኔ እሺ ብያለሁ፤ ሞተሩን እንዲህ ደብቃኝ የተማረች ልጅ ግን የኔን እሺ የምትጠብቅ አይመስለኝም።" በረዶውን አንሥተው መልሰው እጁ ላይ አደረጉለት። "አሁን ተቀመጥ፤ ሾርባ ላሙቅ። ማንኪያ የሚገባበት ያህል አፍ ቀርቶልሃል?"