በአባ ኋላ ማርሽ አምላክ

አስረሳሽ የወታደሮቹን ልብስ የምትለየው በስም ነበር። ስሙ ግን እናት አባት ያወጡት አልነበረም። «ይሄ ሱሪ የራዲዮ ነው፤ ያ ሸሚዝ የጉልቻ» እያሉ ነበር የሚጥሉላት። ራዲዮ አፉ የማያርፈው ነው። ጉልቻ አንዴ ከተቀመጠ ተራራ ቢናድ የማይነሳው። የካሚዮን ሾፌሩን ሸሚዝ ግን ማንም ባይነግራትም በናፍጣ ሽታው ታውቀዋለች። እሱን ኋላ ማርሽ ይሉታል።

ወታደሮቹ በ1966 ዓ.ም. ጥር ላይ ሮቢት አጠገብ ድንኳን የተከሉት መንገድ ሊጠግኑ ነበር። ያለፈው ክረምት ለእህል የሚሆን ዝናብ ነፍጎ፣ ነሐሴ ላይ ከደጋው አንድ ጎርፍ ብቻ ሰደደና የጎሊናን ወንዝ ድልድይ ግማሹን ይዞ ሄደ። ወታደሮቹ ከተሰበረው ድልድይ ጎን፣ በወንዙ አሸዋ ላይ፣ ተለዋጭ መንገድ ይደለድላሉ። አስረሳሽ ዝቅ ብላ፣ ከቀረችው ውሃ ዳር ልብሳቸውን ታጥባለች። ክፍያዋ ኮቾሮ ነው፤ ጥርስ የሚሰብር የወታደር ደረቅ ብስኩት። ውሃ ውስጥ ትነክርና ለልጇ ለየሺ ትሰጣታለች። ባሏ የቀሩትን ከብቶች ይዞ ወደ አፋር ወርዶ አልተመለሰም፤ መንገድ መንገዱን ማየት ከተወች ቆይታለች።

አብራት የምታጥበው ሙሚና በዕድሜ ትበልጣታለች። ስሞቹን በሰማች ማግሥት ከእያንዳንዱ ፊት «አባ» ጨመረችበት።

«አባ ራዲዮ፣ ካልሲህ ውስጥ እግር ነው የምታስገባው ወይስ የሞተ ፍየል?»

ወታደሮቹ በሳቅ ወደቁ። ስለ ካልሲው ቀልዳ ሊሆን ይችላል፤ በ«አባ»ው ግን አልቀለደችም። በራያ ወንድ ሁለት ስም አለው። አንዱን ቤተሰቡ ያወጣለታል፤ ሌላውን ከፈረሱ ያገኘዋል። የፈረሱ ስም ቦራ ከሆነ እሱ አባ ቦራ ነው፤ በለቅሶና በሠርግ፣ በሸንጎም ፊት የሚጠራው በዚያ ነው። የሮቢት ሴቶች ወታደሮቹ እርስ በርስ በሌላ ስም ሲጠራሩ ሰሙና የፈረስ ስማቸው መሆኑን ለአፍታም አልተጠራጠሩም። ፈረስ ባይኖራቸው መኪና አላቸው፤ ያው ነው። ብዙም ሳይቆይ የመንገድ ዳር ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ ጎንበስ እያለ «አባ ጉልቻ፣ እንዴት አደሩ?» ይል ጀመር። ጉልቻ መጀመሪያ የሚያላግጡበት መስሎት ተቆጣ። ኋላ ግን ሰው ሲሰግድለት ተቀምጦ መቀበል ከበደውና ብድግ እያለ እጅ ይነሳ ጀመር። ጓደኞቹ ያንን ሲያዩ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

መቶ አለቃ ይርጋ አልወደደውም። ገና ከጦር ትምህርት ቤት የወጣ፣ የቀበቶው ብረት ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ወጣት መኮንን ነው። አንድ ቀን ወንዙ ድረስ ወርዶ ሴቶቹን ሰበሰበ።

«ይሄ የካምፕ ስም የወታደር ነው። ሲቪል አይጠራበትም። ወታደር ማዕረግ አለው። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ እያላችሁ ጥሩ!»

«አክብረን ነው እኮ ጌታው» አለች ሙሚና። «ባናከብረውማ አባ መች እንለው ነበር?»

«አባ የሚባል ማዕረግ የለም!»

ሙሚና ወደ አስረሳሽ ዞረች። ድምፅዋን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። «የላቸውም አሉ፤ ሰማሽ? ምስኪኖች።»

በነጋታው ሾፌሩ ብቻውን መጣ። አሥር አለቃ ጌታሁን መባሉን አስረሳሽ ያን ቀን ነው የሰማችው። ሸሚዙን ተቀብሎም አልሄደም፤ በጫማው አፍንጫ አሸዋውን ይቆፍራል።

«እታለም፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ።»

«ቁልፉን ከሆነ ስትሰጠኝም አልነበረውም።»

«ቁልፉ አይደለም። ስሙን ተይልኝ። የሌሎቹን እንደፈለጋችሁ፤ የእኔን ተይልኝ።»

«ምን ሆነና?»

የሆነውን ነገራት። ከአላማጣ በላይ ባለው ዳገት ጭነት ይዞ ሲወጣ፣ ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ሰው የሞላው አውቶቡስ ከላይ መጣበት። አውቶቡሱ የገደሉን ጠርዝ ይዟል፤ ወደ ኋላ ልሂድ ቢል መንገዱ አይበቃውም። ጌታሁን ከነጭነቱ መታጠፊያ በመታጠፊያ ወደ ኋላ ወርዶ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ አሳለፈው። ከኋላው የነበሩት ካሚዮኖች ሁሉ እየተሳደቡ አብረውት ወረዱ። ማታ ካምፕ ሲገቡ ለአውቶቡስ ያፈገፈገ ወታደር ተብሎ ተሳቀበት፤ ስሙም በዚያው ተለጠፈ።

«በካምፕ ሲሉኝ ለምጄዋለሁ» አለ። «እናንተ አባ እያላችሁ ስታከብሩት ግን አፍራለሁ። ያልሠራሁትን ጀግንነት የለበስኩ ይመስለኛል።»

አስረሳሽ እጇን ከአረፋው አውጥታ አየችው። «ያ አውቶቡስ በደህና ወረደ?»

«ወረደ።»

«እና ምኑ ነው የሚያሳፍረው?»

አሸዋውን በጫማው መቆፈሩን ቀጠለ። ፊቱ ግን እንደለመናት ነው።

«እሺ» አለች። የተስማማችው አምናበት አልነበረም፤ ሰው ሲለምናት እምቢ ማለት ከብዷት ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ጌታሁን ነህ። ደስ ካለህ።»

የካቲት ሲጋመስ መንገዱ አለቀ። ወታደሮቹ ድንኳናቸውን ነቅለው ወደ ቆቦ ሄዱ፤ ኮቾሮውም አብሯቸው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ የእህል ካሚዮኖች ማለፍ ጀመሩ። ከደሴ ይመጣሉ፣ ሮቢትን ያልፋሉ፣ ቆቦ ይገባሉ። የሚነዷቸውም የሚያጅቧቸውም እነዚያው መንገዱን የጠገኑት ወታደሮች ናቸው። እግሩ የሚያደርሰው ሰው ተከትሏቸው ወደ ቆቦ ሄደ። ከመንገዱ ዳር ባለው ባዶ መጋዘን የቀረው እግሩ የማያደርሰው ነው፤ ሽማግሌ፣ አራስ፣ ሕፃን። አስረሳሽ ብቻዋን ብትሆን ትደርስ ነበር። የሺን አዝላ ስትሞክር ግን ጉልበቷ ከሮቢት ብዙም አላራቃትም። የሺ ደግሞ ምግብ መጠየቅ ትታለች። የሚጠይቅ ልጅ ገና ደህና ነው። አስረሳሽ ይህን ከጎረቤቶቿ ልጆች አይታ አውቃለች።

ሰው መንገድ ላይ እየወጣ ጮኸ፤ ካሚዮኖቹ አልቆሙም። ምክንያቱን የነገራቸው አንድ የአውቶቡስ ረዳት ነው። ከሮቢት በታች አንድ ካሚዮን ቆሞ ሰው ወረረው፤ አንድ ወታደር ከጭነቱ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ፤ ሕዝቡም እርስ በርሱ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲያ ትእዛዙ አንድ ነው፤ ቆቦ ሳይገቡ መቆም የለም።

«እንግዲያ ብንጮህም ባንጮህም ያው ነው» አለች ሙሚና።

«ያው አይደለም» አለች አስረሳሽ። «የፈሩት መወረርን ነው። ስለዚህ እንቀመጥ።»

«እንቀመጥ?»

«ከመንገዱ ወርደን ሜዳው ላይ፣ እንደ ሸንጎ። አንድ ሰው እንዳይነሳ። እኔ ብቻ እቆማለሁ።»

«አንቺዬ! እህል በዓይኔ ሥር ሲያልፍ ቁጭ ብዬ ልሸኘው? ያ ጉልቻ ነው ያስተማረሽ!»

ሳቅ የተረፈው ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አያ ሙላው ግን አልሳቁም። አባ ቦራ የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ፈረሳቸው ቦራ ኅዳር ላይ በረሃብ ሞቷል፤ ስሙ ግን እሳቸው ላይ አለ።

«መኪናውን የሚነዳው ሰው ነው» አሉ። «ሰው ደግሞ በአምላክ ሲያዝ ይቆማል። በእኛ ጊዜ በንጉሥ አምላክ ቁም ከተባለ ሌባ እንኳ እግሩ አይላወስም ነበር።»

«በንጉሥ አምላክማ ስንት ጊዜ ጮህን፣ አያ ሙላው። የሰማን የለም» አለች አስረሳሽ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አሰቡ። «እንግዲያ በነጂው በራሱ ስም ያዢው» አሉ በመጨረሻ። «የፈረስ ስም አላቸው አላላችሁም? ወንድ በፈረሱ ስም አምላክ ተይዞ አያልፍም። ካለፈ ስሙን ለመንገድ ጥሎ ነው የሚሄደው።»

አስረሳሽ የሾፌሩን ልመና አልረሳችም። በዚያ ስም ላትጠራው ቃል ገብታለታለች።

ሰኞ ረፋድ ላይ ከወልድያ በኩል አቧራ ታየ። ሰዉ እየተደጋገፈ ወጥቶ ከመንገዱ በታች ተቀመጠ። ማንም ሳያዛቸው ሴቶቹ የተቀደደ ነጠላቸውን አጣፉ፤ ወንዶቹ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከሩቅ ላየው ሰው ዳኛ የሚጠብቅ ሸንጎ ነበር የሚመስለው። አስረሳሽ የሺን ለሙሚና አስታቅፋ፣ ካሚዮኖቹ ከወንዙ አሸዋ ቀስ እያሉ በሚወጡበት ዳር ቆመች።

መጀመሪያ የመቶ አለቃው ላንድሮቨር አለፈ። መቶ አለቃ ይርጋ የተቀመጠውን ሕዝብ በመስኮት አይቶ አንገቱን አዞረ፤ አልቆመም ግን። ቀጥሎ ራዲዮ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ መጣ።

«አባ ራዲዮ!» አለች ሙሚና ከተቀመጠችበት።

ራዲዮ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣውም። ከእሱ ኋላ ባለው ካሚዮን ላይ ጉልቻ ነበር። ሲጠሩት ከጆንያው ላይ ብድግ አለና ሊወድቅ ሲል ገመድ ያዘ። ካሚዮኖቹ ግን አለፉ።

መጨረሻ የመጣው ጌታሁን ነው። አስረሳሽ ቃሏን ጠበቀች።

«አሥር አለቃ ጌታሁን!»

አያት። መሪውን ጨብጦ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ጎማው አሸዋውን ጨርሶ ጠጠሩን ያዘ፤ ካሚዮኑ በአጠገቧ አልፎ ጀርባውን ሰጣት። አስረሳሽ ወደ ኋላዋ ዞራ የሺን አየች። ልጅቷ እህሉንም መኪናውንም አታይም፤ አፍንጫዋ ላይ የተቀመጠችውን ዝንብ እንኳ አታባርርም።

አስረሳሽ መሀል መንገድ ገባች።

«በአባ ኋላ ማርሽ አምላክ! ቁም!»

እንዲህ ያለ መያዣ በራያ ምድር ከዚያ በፊት ተሰምቶ አያውቅም። ከኋላዋ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ባንድ አፍ ተቀበላት፤ «በአባ ኋላ ማርሽ አምላክ!» ሌላ ጊዜ ሲያወሩ ጆሮ ካላስጠጉላቸው የማይሰሙ ሰዎች ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ድምፃቸው ከሞተሩ በላይ ሆነ።

ካሚዮኑ ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም። ለጥቂት ጊዜ እዚያው እንደቆመ ተንገጫገጨ፤ ከዚያ የማርሹ ብረት ጮኸና ጎማዎቹ ወደ ኋላ ዞሩ። ጌታሁን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ አንድ እጁን በሩ ላይ አድርጎ፣ ያን ሁሉ ጭነት በጠባቡ መንገድ ላይ ሳያዛንፍ ወደ ኋላ ነዳው።

«ቁጭ በይ!» ሙሚና አጠገቧ ያለችውን ሴት ቀሚስ ይዛ ጎተተች። «ወላሂ ብትነሺ ከረሃቡ በፊት እኔ ነኝ የምገልሽ!»

አንድም ሰው አልተነሳም።

ጌታሁን ወረደ። «ተይልኝ ብዬሽ ነበር» አለ።

«ብለኸኛል። በሌላው ብጠራህ አልፈህ ሄድክ።»

ወዲያው ላንድሮቨሩ ተመልሶ መጣ። ራዲዮና ጉልቻም መኪናቸውን ከፊት አቁመው በእግራቸው እየሮጡ ደረሱ። መቶ አለቃው በሩን ሳይዘጋ ወረደ።

«ማን አቁም አለህ?»

ጌታሁን ተረከዙን ገጠመ። «ተጠራሁ፣ ጌታዬ።»

«አሥር አለቃ ጌታሁን ብለው ቢጠሩህ ትእዛዝ ትጥሳለህ?»

«በሱ ሲጠሩኝ አልፌ ነበር፣ ጌታዬ። አባ ኋላ ማርሽ ብለው ሲይዙኝ ነው የቆምኩት።» ከነ«አባ»ው፣ ሙሉውን፣ ደረቱን ነፍቶ ተናገረው። ራዲዮ አልሳቀም። ጉልቻም አልሳቀም።

መቶ አለቃው ወደ ሕዝቡ ዞረ። እጁ ቀበቶው ላይ ነበር፤ ሲሮጥ የሚመጣ ሰው ፈልጎ አጣ። የሚያዩት ዓይኖች ብቻ ናቸው።

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» አሉ አያ ሙላው ከተቀመጡበት። «ብንነሳልህ ደስ ባለን ነበር። ዛሬ ላንነሳ ተማምለናል፤ አትቀየመን።»

መቶ አለቃው ወደ ቆቦ የሚወስደውን መንገድ አየ። ጫማውን አየ። ሲናገር ድምፁ ወንዝ ዳር ከሰሙት ድምፅ ያነሰ ነበር።

«ከዚህ መኪና ግማሹን አራግፉ። ቆቦም የሚጠብቅ ሰው አለ።»

«ይሁን» አለች አስረሳሽ። «የቆቦም ሰው ሰው ነው።»

ጆንያዎቹ መውረድ ጀመሩ። ጉልቻ የመጀመሪያውን ተሸክሞ አያ ሙላው እግር ሥር አስቀመጠው። ሰዉ እየተጠራ በተራ ይቀርባል፤ ያልተጠራ አይነሳም። አስረሳሽ ከተፈታው ጆንያ እፍኝ ስንዴ ይዛ መጣችና የሺ መዳፍ ላይ አፈሰሰችላት። ልጅቷ ስንዴውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አይቆላም?» አለች።

የሺ ጠየቀች። አስረሳሽ ፊቷን ወደ ካሚዮኑ አዙራ፣ ነጠላዋን አጥብቃ አሰረች።

መቶ አለቃ ይርጋ አጠገቧ ቆሟል። ሲያመነታ ቆይቶ፣ ወታደሮቹ እንዳይሰሙት ይመስል አጎንብሶ ጠየቃት።

«ለእኔስ ምን የሚል ስም አወጣችሁልኝ?»

ራዲዮ ጆንያ እንደተሸከመ ሳል ያዘው።

አስረሳሽ መኮንኑን ከጫማው እስከ ቆቡ አየችው። «ገና ነው» አለች። «መጀመሪያ ተራግፎ ይለቅ።»

መቶ አለቃው የሚያብለጨልጨውን ቀበቶውን ፈታ፣ ኮቱን አውልቆ ላንድሮቨሩ ላይ ጣለና ወደ ጆንያዎቹ ሄደ።