ከጉሙ ጀርባ የተጣሉ ጀልባዎች

ጌማችን ውስጥ ያለውን ጉም ሰዎች ባደነቁ ቁጥር እህቴ ፊቷን ታዞር ነበር። አንድ ተቺ «ይህ ጉም የሰው ልጅ ሊያውቀው የማይችለውን ሁሉ ይወክላል» ብሎ የጻፈ ዕለት፣ ጉንዳን የምንለው ፕሮግራመራችን ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። ጉሙ ምንም አይወክልም። ጌሙን መጀመሪያ የሠራነው ከቴሌቪዥን ጋር ለሚገጠም ኮንሶል ነበር፤ ያ ሳጥን ደግሞ ከተወሰነ ርቀት ወዲያ ያለውን መሳል ሲጀምር ይንቀጠቀጣል፣ ይሞቃል፣ ይቆማል። ስለዚህ ዓይን እንዳይሄድበት ጉም ጋረድንበት። ነገሩ ይኸው ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። ተጫዋቹ ጀልባ ቀዛፊ ሆኖ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ላይ ሰው ያሻግራል፣ ጆንያ ያሻግራል፣ ሲብስ ፍየል ያሻግራል። ወደ ጉሙ አጥብቆ ከተጠጋ ነፋስ ይነሳና ጀልባዋን ወደ መጣችበት ይመልሳታል። ነፋሱም የኛው ዘዴ ነው፤ ሰው መጋረጃውን ገልጦ እንዳያይ የቆመ ዘበኛ በሉት።

ጌሙን የሠራንበት የእህቴ ስቱዲዮ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ከታች ያሉት የስፌት መኪናዎች አንድ ላይ ሲነሱ፣ ጠረጴዛችን ላይ ያለው ብርጭቆ ውስጥ ውሃው ይርገበገባል። እህቴ እነዚያ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ወጣትነቷን ጨርሳለች ማለት ይቻላል። ጌሙ በኮንሶል ሲወጣ የመጀመሪያው ሰሞን ደህና ተሸጠ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ሌላ ጌም ለመጀመር አቅም አልነበራትም። በዚህ መሃል አንድ የውርርድ ድርጅት ሰው ላከባት። ሁላችንንም ከነወንበራችን ሊወስደን ፈለገ፤ የሚሽከረከር የዕድል ጎማና ከሰማይ የሚዘንብ ሳንቲም እንድንሠራለት። እህቴ ጌሙ በፒሲ፣ ማለትም በተራ ኮምፒውተር፣ በሚወጣበት ዕለት ማምሻውን መልስ እሰጣለሁ አለች። በፒሲ ከተሸጠ ስቱዲዮው ይቀጥላል፤ ካልተሸጠ ጎማ እናሽከረክራለን።

ስንት ይሸጣል የሚለው ጥያቄ የኔ ድርሻ ነበር። ሩቅ አገር ሄጄ የተማርኩት ይህንኑ ነው፣ ገበያን መገመት። ተመልሼ ስመጣ እህቴ መስኮቱ ጥግ ጠረጴዛ ሰጠችኝና ሥራ ጀመርኩ። ስክሪኔ ላይ ሦስት መስመሮች ነበሩ፦ ዝቅተኛው፣ መካከለኛውና ከፍተኛው። ከዝቅተኛው በታች ከወረድን አለቀልን። ተስፋ የሚሰጥ ነገር አልጠፋም። ፒሲ የሌለበት ቢሮና የተማሪ ማደሪያ የለም፤ እዚያ ያለ ተጫዋች ደግሞ ጌም አረጀ ብሎ አይተወውም፣ ከዓመታት በኋላም ቆፍሮ ያወጣዋል። ብዙ ሺህ ሰውም ጌሙ የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር ላይ «ሲወጣ ንገሩኝ» የሚለውን ተጭኖልናል። «ሲወጣ ንገሩኝ» ግን ሠርግ ላይ ተገናኝተው «እንጠያየቅ» እንደሚባባሉት ዘመዶች ነው። ከዚያ ውስጥ ማን በር እንደሚያንኳኳ አይታወቅም። ሩቅ አገር የተማርኩት ነገር እዚህ መሥራቱን እጠራጠር ነበር። እውነቱን ለመናገር እዚያም እጠራጠር ነበር።

«እሺ የኔ ጠንቋይ፣ ስንት ይሸጣል?» ትለኛለች እህቴ ጠዋት ጠዋት፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ።

«እትዬ፣ ይሄ ግምት ነው።»

«ግምትማ እኔም አለኝ። አንተን ያን ያህል ዓመት ምን ሲያስተምሩህ ከረሙ?»

«ግምትን በመስመር መሳል።»

«በል ቀና አድርጋት። አንገቷን ደፍታ ሳያት ሆዴ ይባባል።»

ጌሙ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናታችን መጣች። እማዬ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ስቱዲዮው ውስጥ ያሉት ሁሉ እማዬ ነው የሚሏት። ጌሙን ከማንም በላይ ተጫውታዋለች፤ አንድም ተልዕኮ ግን ጨርሳ አታውቅም። ፍየሏን ታሳፍርና ሐይቁ መሃል ላይ መቅዘፍ አቁማ ወሬ ትጀምራታለች። ጉንዳን በዚያ ሰሞን ከጓደኛው ምስል የሚስል ኃይለኛ ግራፊክስ ካርድ ተውሶ ገጥሞ ነበርና፣ ኮምፒውተሩ ሊነሳ እንዳለ አውሮፕላን ያጓራል። ከፊቱ አስቀመጣት።

«ይሄ ‹የእይታ ርቀት› የሚለው ምንድነው?» አለች፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ።

«እሱን ተዪው እማዬ። ለጉልበተኛ ኮምፒውተር ነው።»

«እና ይሄ ጉልበት የለውም? ይሄን ሁሉ የሚያጓራው ለከንቱ ነው?»

ይህን ብላ እስከ ጫፍ ጎተተችው። ጉንዳን ያን ጉሙን የሚያርቅ መቆጣጠሪያ የጨመረው ለፒሲ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ያሉን ኮምፒውተሮች እስከ ግማሹ ብቻ ስለሚችሉ፣ እስከ ጫፍ የጎተተው ሰው እስከዚያች ሰዓት አልነበረም።

ጉሙ ወደ ኋላ ሄደ። መጀመሪያ ውሃው ረዘመ። ሐይቃችን ትልቅ ነው እንል ነበር፤ እንዲህ የተዘረጋ መሆኑን ግን እኛም አናውቅም። ከዚያ ከወዲያ ማዶ ኮረብታ ብቅ አለ። ኮረብታ መሰለኝ እንጂ አልነበረም። ጀልባዎች ነበሩ። አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው፣ አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው፣ ዳርቻውን ሞልተውት ነበር። አንዷ የተራራ ያህል ነበረች፤ ጥላዋ ውሃው ላይ ወድቆ እኛ ዘንድ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ከጀርባቸው ጣሪያ የሌላቸው ቤቶች አሉ። ወደ ሰማይ ወጥተው ወጥተው የትም ሳይደርሱ የሚያልቁ ደረጃዎች አሉ። ሥራቸውን ወደ ላይ የዘረጉ ዛፎች፣ እንደ መስታወት ደርቀው የቆሙ ማዕበሎች፣ አምስት እግር ያላቸው ፍየሎች። አንዲት ጨረቃ ዳርቻው ላይ ተጋድማለች። ጌሙ ውስጥ ጀምበር እየጠለቀች ስለነበር በዚህ ሁሉ መካከል ብርሃኑ እየሾለከ ወርቅማ ሆኖ ውሃው ላይ ይፈስሳል።

ከታች ያሉት የስፌት መኪናዎች ሲሠሩ ይሰማ ነበር።

«ወይ ጉድ!» አለች እማዬ ቀስ ብላ። «ይሄን ሁሉ አገር ደብቃችሁኝ ነው?»

ጋሽ አናጢ ከኋላችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀድሞ የቲያትር መድረክ ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አሁን በኮምፒውተር ላይ ጀልባና ቤት ይገነቡልናል።

«የኔ ናቸው» አሉ። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። «ያበላሸኋቸው ናቸው። እናንተ ‹አይሆንም፣ አጥፋው› ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ ያን ቁልፍ መጫን አይሆንልኝም። እንጨት ቢሆን ለማገዶ እንኳን ይሆናል፤ ይሄ ሲጠፋ አመድ የለው! ከጉሙ ጀርባ ማን ያያቸዋል ብዬ ወደዚያ ስገፋ...»

«እስከ ዛሬ?» አለች እህቴ።

«እስከ ትናንት።»

ጉንዳን ጭንቅላቱን አከከ። «ማዕበሎቹ የሳቸው አይደሉም። የኔ ናቸው። እኔም... ለጊዜው ብዬ ነው።»

«ጨረቃዋስ?»

«እሷም ለጊዜው ነው።»

ያኔ እህቴ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ከጀልባዎቹ ክምር ፊት፣ ውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ሰው ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ቆሟል። የመጀመሪያው ቀዛፊ ነበር። ማንም ሳይኖራት፣ ብቻዋን የሠራችው። ክንዱ አንዴ ከተነሳ አልወርድ ብሎ ሳምንታት ታግላው፣ ጉንዳንን የቀጠረችው በሱ ምክንያት ነው። ጠፍቷል ብላ ረስታው ነበር። ለካ ራሷ ናት ወደዚያ የገፋችው።

«ያ ሰውዬ እየጠራን ነው» አለች እማዬ።

«አይደለም እማዬ» አለች እህቴ፣ ድምጿ ተለውጦ። «ክንዱ ተበላሽቶ ነው።»

«እኔ ስንት የተበላሸ ክንድ አይቻለሁ መሰለሽ? ይሄ ጤነኛ ነው። እየጠራን ነው።»

መቅዘፍ ጀመረች። የለመድነው ነፋስ ተነሳና ጀልባዋን አዞራት። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና መለሳት።

«ምነው? ሰው ጠርቶኝ ዝም ብዬ ልመለስ? ነውር አይደል እንዴ!»

የምችለውን ያህል ረጋ ብዬ ተናገርኩ። ጌሙ ነገ ይወጣል አልኩ። ሰው ገዝቶ ሲከፍተው ከሐይቁ ማዶ የተጣለ ዕቃ ክምር ካየ፣ ያላለቀ ሥራ ሸጡልኝ ብሎ ይመልሰዋል። የመለሰ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይመልስም፣ ይጽፋል። የመጀመሪያው ቀን ከተበላሸ ዝቅተኛዋን መስመር እንኳን አናገኛትም። ጉሙን እንመልሰው አልኩ።

«አንተ» አለች እህቴ፣ «ይሄን ሁሉ ስታወራ ዓይንህን ከዚያ ላይ አንስተሃል?»

አላነሳሁም ነበር። ላነሳ አልቻልኩም። እኛ ሐይቅ ሠራን ስንል፣ ከጀርባችን ሌላ ዓለም ሲከመር ኖሯል። ማንም አላቀደውም፣ ማንም አላዘዘውም። የሳትነው ሁሉ፣ የተናደድንበት ከሰዓት ሁሉ፣ እዚያ ቆሞ ብርሃን እየተቀበለ ነበር። ማነስ ተሰማኝ፤ ትልቅ ተራራ ሥር ደርሶ ቀና እንዳለ ሰው ያለ ማነስ።

«ምን ይሻላል?» አለች እህቴ ጉንዳንን።

«ጉሙን መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ነፋሱን ማጥፋትም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ግን እትዬ፣ ከዚያ ወዲያ ሞክረነው አናውቅም። ከክምሩ ጀርባ መሬት የለም። ጀልባዋ ከዓለም ልትወድቅ ትችላለች።»

«ወድቃ የት ትደርሳለች?»

«የትም። ዝም ብላ ስትወድቅ ትኖራለች።»

እህቴ ሳቀች። ከወራት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው። «ነፋሱን አጥፋው» አለች። «የተጠራ ሰው ይሂድ።»

በማግስቱ ጠዋት ጌሙ ወጣ። የሽያጩ መስመር ከዝቅተኛዋ በታች ተጋደመ። እኩለ ቀን ሆነ፣ ያው ነው። ጋሽ አናጢ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። እህቴ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው። እኔ መስመሩን በዓይኔ ልገፋው የፈለግሁ ይመስል አፍጥጬ ቀረሁ፤ ያን ያህል ዓመት የተማርኩት ሁሉ አሁን የሚጠቅመኝ መጥፎውን ዜና ከሌላው ሰው ቀድሜ ለማወቅ ብቻ ነበር።

ጉንዳን ሰው ጌሙ ውስጥ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ከፍቶ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች አንዲት ብርሃናማ ነጥብ ነው። ነጥቦቹ ወደቡ አካባቢ እንደ ንብ ይርመሰመሳሉ፤ ጆንያና ፍየል እያሻገሩ ነው።

«አንዱ አለፈ!» አለ በድንገት።

ሁላችንም ተነሳን። አንዲት ነጥብ ድሮ ጉሙ የነበረበትን ወሰን ተሻግራ ወደ ማዶ እየተጓዘች ነው።

«ከየት አገር ነው?» አለች እህቴ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

ጉንዳን ተመለከተና ትከሻው ወረደ። «ከቤታችሁ ነው። እማዬ ናት።»

በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን፤ ጋሽ አናጢም ፊታቸውን ሳያዞሩ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቁ ሳያበቃ ግን ሌላ ነጥብ አለፈ። ይሄኛዋ የኛ አልነበረችም። ስሟን እንኳን በቅጡ ልናነበው ከማንችለው ከተማ ነበረች። ቀጥሎ ሁለት። ከዚያ ቆም አለና ከወዲያም ከወዲህም መምጣት ጀመሩ፤ ጆንያቸውን እንደጫኑ፣ ፍየላቸውን እንዳሳፈሩ፣ ሥራቸውን ጥለው። ኃይለኛ ኮምፒውተር ያላቸው እጁን ያነሳውን ሰው አይተው ፎቶውን ለሌሎች ልከዋል፤ ደካማ ኮምፒውተር ያላቸው ደግሞ ፎቶውን አምነው፣ ምንም ሳይታያቸው ጉሙን ሰንጥቀው እየገቡ ነው። አንዱ ከዓለም ጫፍ ወድቆ ገንዘቤ ይመለስ አለ። አመሻሹ ላይ ያው ሰው ተመልሶ ገዛ።

የሽያጩ መስመር ዝቅተኛዋን ነካት፣ አለፋት። መካከለኛዋ ጋ አልደረሰም። ግን ቀና ብሎ ነበር፤ አንገቱን የደፋ አይመስልም።

ስልኩ ጮኸ። እህቴ ሁላችንም እንድንሰማ ድምጹን ከፈተችው።

«እህስ እመቤት፣ ምን ወሰኑ?» አለ የውርርዱ ሰውዬ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፣ ካርታውን እያየች። «ዛሬ እንግዳ በዝቶብናል።»

«እንግዲያው ነገ ልደውል?»

«አይድከሙ። ነገም የሚመጡ ይመስለኛል።»

ዘጋችው። ጋሽ አናጢ ወንበራቸውን አዙረው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩና፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ «ከዚያች ከትልቋ ጀልባ ሥር የቆመ ሰው ይኖራል?» አሉ።

ጉንዳን ካርታውን አቀረበላቸው። እዚያ ተልዕኮ የለም፤ የሚጫን የለም፣ የሚሻገር የለም፣ የሚያስገኘውም ሽልማት የለም። የተበላሹት ጀልባዎች ሥር፣ ክንዱ ያልወረደለት ሰው ዙሪያ፣ ነጥቦቹ ተሰብስበው ነበር። ቀና ብለው የሚያዩ ይመስል አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም።