የሉባባ ስንቅ

«አባዬ፣ ስልኩን ቀና አድርገው እንጂ! ጢምህን ብቻ ነው የማየው!»

ኑርሁሴን ቡሬ ገበያ ካለው የቅመም ሱቁ ውስጥ ስልኩን ከጨው ጆንያ ጋር አስደገፈው። «አሁንስ?»

«አሁን ደህና። ና፣ ሮምን ላስጎብኝህ።»

ሉባባ ልጁ ናት። ከአረብ አሠሪዎቿ ጋር ሮም ከገባች ወዲህ ሥራዋ ከተማውን ማሳየት ሆኗል። አንድ ቀን ውኃ የሚተፉ የድንጋይ ፈረሶች፣ ሌላ ቀን ጣሪያው መላእክት የተሣለበት ቤተ ክርስቲያን፣ ትናንት ደግሞ የምግብ ገበያ፤ አይቡ የወፍጮ ድንጋይ አክሎ፣ ዓሣው በረዶ ላይ ተኝቶ። ኑርሁሴን ለገበያተኛው ሁሉ «ልጄ ሮምን እንደ ጓሮዋ ነው የምትዞራት» እያለ ሲኮራ ከረመ። ይኩራ እንጂ፣ ማን ይከለክለዋል!

ዛሬ ግን ጉዳይ አለ። ጎረቤቱ መሪጌታ እጅጉ ሮም ላለ የአበሻ ቤተ ክርስቲያን ለንግሥ ተጠርተው ሊሄዱ ነው። ባሕር ዳር የሚያደርሳቸው ሚኒባስ ደጅ ቆሟል። የሉባባ እናት ናጂሃ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ምስሩን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቃ ጨርሳለች።

«ሉባባዬ፣ መሪጌታ ዕቃሽን ያመጡልሻል። ቤትሽን ንገሪያቸው» አለ ኑርሁሴን።

«እኔው ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄጄ እቀበላቸዋለሁ። ይልቅ ይቺን እይ! ሙዚየሙ በር ላይ ነኝ፤ ዛሬ በነጻ ነው የሚያስገቡት።» ስልኩን ወደ ሕንፃው ግንባር አዞረች። አምዶቹ መሐል አንዲት ሴት የተሣለችበት ትልቅ ሸራ ተሰቅሏል።

መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው ተጠጉ። «አቤት! የሣላት እጅ ይባረክ። ዓይኗ የባለቤቴ ዓይን ነው፤ የትም ዞር ብል ትከተለኛለች።»

ናጂሃ ሳቀችና ከኋላ ጮኸች። «አንቺ! የአገርሽን ሰው ከደጅ ልትመልሻቸው ነው? ሥጋችንን ባይበሉ ሽሮሽን ይበላሉ! ቤት አስገቢያቸው!»

«አሠሪዎቼ እንግዳ አይወዱም፣ እማዬ።»

ደጅ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋ። መሪጌታ «መጣሁ!» ሊሉ ወጡ፤ ናጂሃም ተከተለቻቸው። ኑርሁሴን ብቻውን ቀረ። ስልኩ ውስጥ አንድ ዘበኛ ወደ መሬት እየጠቆመ ራሱን ይነቀንቃል። ከኋላው ያለው በር መስታወት ነው። መስታወቱ ላይ ሉባባ ቆማለች፤ ካፖርት በካፖርት ደርባለች። እግሯ ሥር ከቡሬ ስትወጣ እሱ ራሱ በገመድ ያሰረላት ሻንጣ አለ። ሻንጣው ላይ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ተጭኗል።

«ሞልቷል ይላል» አለች ስልኩን ቶሎ ወደ ፊቷ መልሳ። «ነገ እገባለሁ።»

«ልጄ... ማታ የት ነው የምታድሪው?»

«ቤት ነዋ፣ አባዬ! ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው።» ተቋረጠ። መልሶ ቢደውል አይነሳም።

ያ ረቢ! እዚሁ ዱርቤቴ ከተማ ብትሆን በዚችው ሚኒባስ ሄዶ፣ እጇን ይዞ ያመጣት ነበር። ሮም ናት። የሚያውቀው ሰው የለ፣ የሚጮህበት ደጅ የለ። ለናጂሃ ቢነግራት ዛሬውኑ ትወድቅበታለች። የጠቆረውን ስልክ ጆንያው ላይ ደፋው።

ከዚያ ሻንጣውን ከፈተ። ሽሮውን አወጣ፤ በርበሬውን፣ ምስሩንም።

«ምን ሆነሃል፣ አንተ ሰውዬ?» አለች ናጂሃ ተመልሳ።

«በርበሬ በአውሮፕላን አያሳልፉም አሉ።»

«ሽሮውንስ? ምን ሠርታ ልትበላ ነው?»

ኑርሁሴን በሶውን ጨመረ፤ ዳቦ ቆሎውን፣ ተቆልቶ ያለውን ሽምብራ ሁሉ ገለበጠበት። ከትከሻው ላይ ጋቢውን አውርዶ ከላይ አጠፈው።

መሪጌታ ሻንጣውን ሊወስዱ ገብተው ውስጡን አዩ። እሱንም አዩት። «ተማሪ ሆኜ በየአገሩ ስዞር፣ በየደጀ ሰላሙ ሳድር፣ ይኼንኑ ነበር የምይዘው» አሉ ቀስ ብለው። «ምን ልበልልህ?»

«ከተማው ደስ ይላል ብሏል በሏት። ቤትሽ ግን ቡሬ ነው፣ በሩም አልተዘጋም፣ ብሏል በሏት።»

ሻንጣውን በገመድ አሰረው። ያን ጊዜ፣ እሷ ስትሄድ፣ የእሷን ጥርሱን ነክሶ ነበር ያጠበቀው። አሁን ላላ አደረገው፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት እንዳይቸገር።