የወይንእሸት መኪና ሞጣ ገባች

እኔ ወይንእሸት ነኝ፤ ብቸና ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ወፍጮው እየጮኸ ከሰው ጋር ስነጋገር ስለኖርኩ ቀስ ብሎ ማውራት አልችልበትም። ጮኸችብን ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ።

ነገሩ የመኪና ነው፤ የልጄም ነው። ባሌ አዳሙ ካረፈ ወዲህ ያለኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ስሙም ቢያድግልኝ ይባላል። ከሱ በፊት የወለድናቸው ስላላደጉልን ነው እንዲህ ያልነው። እሱ ግን፣ ተመስገን፣ አደገ። አድጎም ሞጣ የምታስተምር ብሩክታይት የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የቀረው የአባቷ የአቶ ስጦታው እሺታ ነበር።

አቶ ስጦታው ዕድሜያቸውን በሙሉ መሪ ጨብጠው የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት የጃፓን አውቶሞቢል ሸራ አልብሰው አቁመዋል። አንድ ልማድ አለባቸው። ደጃቸው ላይ ወንበር ያወጡና ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ከዚያ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ዞር ብለው ሳያዩ በድምፁ ብቻ አገሩን ይናገራሉ።

“ይቺ የጃፓን ናት፤ እንደ ጨዋ ሰው ዝቅ ብላ ነው የምታወራ” ይላሉ። “ይቺ ደግሞ የህንድ፤ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ በሯ ሲዘጋ ግን እንደ ጣሳ ይጮኻል። ይሄ የራሺያ ላዳ ነው፤ ሲያስል ሰፈር ይሰማዋል፣ ቢሆንም ፒንሳ የያዘ ሁሉ ይጠግነዋል።”

ሽማግሌዎቻችን “የቻይናስ?” ብለው ሲጠይቋቸው ስቀው፣ “እሱ መኪና አይደለም፣ ስልክ ነው” አሏቸው። ይሄን ሲነግሩኝ አንጀቴ አረረ። እኔ የገዛሁት የቻይና ነዋ!

ስገዛ አገሩ ሁሉ መካሪ ሆኖብኝ ነበር። እኔ ግን ወፍጮ ስገዛ እንኳ ቀለሙን አይቼ አላውቅም። ምን ያህል ፈጨ? ምን ያህል በላ? ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? የምጠይቀው ይሄን ብቻ ነው። መኪናም ለኔ ያው ነው። ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ሁሉንም ዞሬ አየሁ። የጃፓኗ ጠንካራ ናት፣ መለዋወጫዋም የትም አይጠፋም፣ ልሽጥሽ ብትላትም ዋጋዋ አይወርድም። ችግሩ፣ ዘመኗን የጨረሰች አሮጊት እንደ ሙሽራ ተኳኩላ ነው የምትቀርብልህ። የህንዷን ወድጃት ነበር፤ ሆዷ ትንሽ ነው፣ ሥራም አትጠላ። ግን ሁለቱም የሚጠጡት ያው ከማደያ ነው፤ ማደያ ደግሞ ሰልፍ እንጂ ነዳጅ የለውም። የቻይናዋ አዲስ ናት፤ ዘይት አትል፣ ነዳጅ አትል፣ ምግቧ መብራት ነው። መብራት ደግሞ ወፍጮ ቤቴ ድረስ መጥቶልኛል።

“መብራት ሲጠፋስ?” ይሉኛል።

“መብራት ሲጠፋ አንተ የምትበላውስ የት ይፈጫል?” እላቸዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ትወድቅብኛለች፤ ብትሰበር ማን እንደሚጠግናት ዛሬም አላውቅም። ይሄን ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በተለይ ለባሌ ታላቅ ወንድም ለጋሼ ደምለው! እሱ ገና መኪናዋን ያየ ዕለት፣ “ሰው ሄዶ መኪና ይገዛል፣ አንቺ ካውያ ገዝተሽ መጣሽ” ብሎ የሰፈር መሳቂያ አድርጎኛል።

በኛ አገር ሽማግሌ በአንድ ጊዜ አይቀናውም። መጀመሪያ ሲሄድ “ዘር እንቁጠር” ይሉታል፤ ሁለተኛ ሲሄድ “ዘመድ እናማክር” ይሉታል፤ ቁርጡ የሚታወቀው በሦስተኛው ነው። የኛ ሦስተኛ ቀጠሮ ለቅበላው እሑድ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሆነ። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል። ከየጁቤም ሌላ ጠያቂ እንዳለ ሰምተናል። አቶ ስጦታውም “ቀጠሮ የሚያፈርስ ሽማግሌ ቃልም ያፈርሳል፤ ያን ዕለት ከቀራችሁ ደጄን እንዳትረግጡ” ብለው ነበር። ልጄ በዚያ ሰሞን እህል በአፉ አልዞረም።

“ሽማግሌዎቹን እኔ ላድርሳቸው” አልኩ።

ጋሼ ደምለው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። “በካውያ? አቶ ስጦታው ደጅ? ደግሞስ የልጁ እናት ከሽማግሌ ጋር ስትሄድ የት አገር ታይቷል? አንቺ ቤትሽ ተቀምጠሽ ትጠብቂያለሽ፤ ወጉ ይሄ ነው። የሾፌሩን የዘመነን የጃፓን መኪና ይዘናል።”

ደሜ ፈላ። “እንግዲያው እኔም ሞጣ ጉዳይ አለኝ። ወፍጮዬን የሚያዞረውን ቺንጋ እገዛለሁ።”

“በሰንበት ቺንጋ ማን ይሸጥልሻል?”

“ሰንበት የሚሽር ነጋዴ አይጠፋም!” ብዬ ትቼው ወጣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ዘመነ መኪና ውስጥ ገቡ። አንዱ የቅኔ መምህሩ መርጌታ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ አንዱ ጋሼ ደምለው፣ ሦስተኛው ጎረቤቴ አቶ አስናቀው። አቶ አስናቀው ንግግር አይወዱም፤ ክብደታቸው ግን ከነጆንያው ሁለት ኩንታል ይመስላል። እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። ሌሊት መብራት ሄዶ ስለነበር ባትሪዬ አልሞላም። ለብቻዬ ግን ሞጣ ታደርሰኛለች ብዬ በእመቤቴ ተማፅኜ ወጣሁ።

ደብረ ወርቅን አልፈን ብዙም ሳንርቅ የዘመነ መኪና ሳል ያዛት። አንዴ ዘለለች፣ አንዴ ተንገጫገጨች፣ ከዚያ መንገድ ዳር ወጥታ ቀጥ አለች። እኔም ከኋላዋ አቆምኩ። ዘመነ ኮፈኑን ከፍቶ ወዲህ ነካካ፣ ወዲያ ነካካ፤ ጣቱን ነዳጁ ውስጥ ነክሮ ሲያሸት ፊቱ ጠቆረ።

“ላምባ ደባልቀውብኛል” አለ። ማደያው ደርቆ ስለሰነበተ፣ በፕላስቲክ ዕቃ መንገድ ዳር ከሚቸበችቡት ነበር የገዛው። መኪናዋ ጥፋት የለባትም፤ ሰውም ቢሆን ላምባ ካጠጡት አይሄድም።

እኔ መሪዬን ይዤ ዝም። ዝም ማለት ለኔ ምን ያህል እንደሚከብድ ፈጣሪ ያውቃል።

መርጌታ ወረዱና ቀስ እያሉ ወደ መስኮቴ መጡ። “ወይንእሸት፣ ይቺ ካውያሽ ስንት ሰው ትችላለች?”

“ከነጥምጥምዎ ትችልዎታለች፣ መርጌታ!”

ጋሼ ደምለው ግን ግግም አለ። “አውቶቡስ እንጠብቅ።” ጠበቅን። አንድ አውቶቡስ መጣ፤ ሰው በበሩ ተንጠልጥሎበት ሳይቆም አለፈ። ሰዓቱ እየነጎደ ነው። መርጌታ ተቆጡ። “ደምለው፣ የሽማግሌ ክብሩ በሰዓቱ መድረሱ ነው። ግባ!”

“የቸገረው እርጉዝ ያገባል” እያለ እያጉረመረመ ገባ።

“እርጉዟ ትሰማሃለች!” አልኩት፤ መርጌታ ከት ብለው ሳቁ።

አቶ አስናቀውን ከፊት አስቀመጥኳቸው፤ ከኋላ ቢሆኑ መርጌታን ይጨፈልቋቸው ነበር። አቀበቱን ተያያዝነው። ጋሼ ደምለው ከኋላ አንገቱን አስግጎ የባትሪውን ቁጥር ያያል። “ወረደ!” ይላል። ጥቂት እንሄድና “አሁንም ወረደ! ወይንእሸት፣ አለቅን!” ይለኛል። ቁጥሩ እውነትም ይወርዳል። ግንደወይን ስንገባ ከሩብ በታች ሆነ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ልጄ ቤት ቁጭ ብሎ ስልኩን እንደሚያይ ታየኝ። ‘አዳሙ፣ ባለህበት ጸልይልኝ፤ ሰው ሁሉ እንደሳቀብኝ አልቅር’ አልኩ በልቤ።

ግንደወይንን አልፈን አንድ ረጅም ቁልቁለት መጣ። የፍጥነት መስጫውን ለቅቄ መኪናዋን በቀስታ ያዝኳት።

“ወጣ!” ብሎ ጮኸ ጋሼ ደምለው።

“ምኑ?”

“ቁጥሩ! ጨመረ እኮ! ማን ቀዳላት?”

“ቁልቁለቱ ነው የሚቀዳላት። ስትወርድ ስይዛት ጎማዋ ራሱ መብራት ይሠራል።”

“ወይ የእግዚአብሔር ሥራ!” አሉ መርጌታ። “እኔ ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴ ያልቃል፤ እሷ ትወፍራለች!”

ከዚያ በኋላ ጋሼ ደምለው ሌላ ሰው ሆነ። ገና ቁልቁለት ከሩቅ ሲያይ “ያዣት! ያዣት! ታጠራቅም!” ይለኛል። አቀበት ሲመጣ ትንፋሹን ይዞ ወደ ፊት ይገፋል፤ በሆዱ የሚያግዛት ይመስላል። አቶ አስናቀው ከብቸና ጀምሮ አንድ ቃል ሳይናገሩ ቆይተው “ጎበዝ ናት” አሉ። ይሄን ያሉት ለመኪናዋ ይሁን ለኔ አልጠየቅኳቸውም። ለሁለታችንም ወሰድኩት።

ሞጣ ስንገባ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። የአቶ ስጦታውን ሰፈር ይዘን በቀስታ ደጃቸው ደረስን። እሳቸው እንደልማዳቸው ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ቆሟል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ ከቤት ብቅ ሲሉ፣ እሳቸው እጃቸውን አወናጨፉ።

“ከብቸና በኩል አንድም ሞተር አልመጣም! ጆሮዬ ዋሽቶኝ አያውቅም። ቀርተዋል፤ ማዕዱን አንሡት!”

እኛ ከጀርባቸው ቆመናል፤ የመኪናዬ አፍንጫ ወንበራቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። መርጌታ በመስኮት ብቅ ብለው፣ “እንደምን ዋሉ፣ አቶ ስጦታው!” አሉ።

ሰውየው ሲዘሉ ወንበሩ ተገለበጠ። “በስመ አብ! ከየት ወጣችሁ?”

ሦስቱ ሽማግሌዎች ወርደው ተርታ ቆሙ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ መሪዬን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ወጉ ለኔ ቦታ አልሰጠኝማ። “ግቡ፣ ተቀመጡ” ሲሏቸው፣ “የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም” አሉ። አቶ ስጦታው ግን ዓይናቸው መኪናዋ ላይ ነው። አንዴ ዞሯት፤ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ፤ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጫኑ።

“ሞተሯን አስነሡልኝ እስቲ።”

“ተነሥታለች” አልኩ።

“አሁን እየሠራች ነው?”

“እየሠራች ነው።”

ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አስጠጉ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። “በዚህች ነው የመጣችሁት? ከብቸና ድረስ?”

ጋሼ ደምለው መዋሸት ይችል ነበር፤ ሰውየው የቻይና መኪና እንደሚንቁ በጆሮው ሰምቷል። ጉሮሮውን ጠረገ።

“የተነሣነው በጃፓኗ ነበር፣ የደረስነው በቻይናዋ ነው። ያመጣችን ደግሞ የልጁ እናት ናት። እኔ ካውያ ብዬ ስቄባታለሁ፤ እሷ ግን መንገድ ላይ አልጣለችኝም።” መጥቶም የመኪናዬን በር ከፈተ። “ውረጂ፣ ወይንእሸት። አዳሙ ቢኖር ይሄን ቃል የሚናገረው እሱ ነበር። አንቺ ተናገሪ።”

ወረድኩ። ለመናገር አፌን ስከፍት፣ ያ ወፍጮ የሚያሸንፈው ድምፄ የት እንደገባ እንጃ! ጠፋ። በሹክሹክታ፣ “አቶ ስጦታው፣ ልጅዎን ለልጄ ይስጡልኝ” አልኩ።

ማንም የሰማኝ አልመሰለኝም። ግን የሳቸው ጆሮ ሌላ ነው።

“ሰማሁሽ” አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “እንዲህ ያለች እናት ያሳደገችው ልጅ ልጄን መንገድ ላይ አይጥላትም። ሰጥቻለሁ! አሁን ተቀመጡ!”

ወይዘሮ ፈንታነሽ ከቤት እልልታውን አቀለጡት። ያኔ ድምፄ ተመለሰ! እኔም እልልታዬን ስለቀው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። መርጌታ ጆሯቸውን ይዘው ሲስቁ አየሁ። ልጄ ጋ ደውዬ ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ እሱ ግን “እማ፣ ስልኩን ብትዘጊውም ይሰማኛል” ብሎኛል።

እኛ ስንበላ መኪናዬም በመስኮት በወጣላት የመብራት ገመድ ድርሻዋን ስትበላ ዋለች። አጠገቧ ያቺ የጃፓን አውቶሞቢል ሸራዋን ለብሳ ቆማለች። ልንነሣ ስንል አቶ ስጦታው ባርኔጣቸውን አድርገው መጡና ሳንጠይቃቸው ከፊት ወንበር ገቡ።

“ግንደወይን እኅቴ ጋ ታደርሺኛለሽ። የኔዋ ነዳጅ ካየች ቆየች፤ ደጄ ላይ ወንበር የማወጣው ወድጄ መሰለሽ?”

አቶ አስናቀው ከኋላ ገቡ፤ መርጌታ በር ላይ ተለጥፈው “አይዞን” አሉ። አቶ ስጦታው መንገዱን ሙሉ ጆሯቸውን አቁመው የመኪናዬን ድምፅ ፈለጉ፤ አላገኙም። ግንደወይን ላወርዳቸው ስል፣ እሳቸው “ትንሽ እንሂድ፣ ትንሽ” እያሉ የዘመነ መኪና እስከቆመችበት ድረስ መጡ። ዘመነ ንጹሕ ነዳጅ አስመጥቶ እየሞላ ነበር። ከድግሱ የጠቀለልኩለትን ሰጠሁት፤ ይሄን አልረሳሁም። ከዚያ ግን አላስቻለኝም፤ ጡሩምባዬን አገር እስኪሰማ ለቀቅኩት።

“አሃ!” አሉ አቶ ስጦታው ደንግጠው፤ ከዚያም ፈገግ አሉ። “ይሄ ድምፅ ደግሞ የየት አገር ነው?”

“የብቸና ነው!” አልኳቸው።