ብርቱካንማው ገመድ

ሩታ የእናቷን ዕቁብ ለመካኒክነት ትምህርት ልትከፍለው ማሰቧን ስትናገር፣ ቀጨኔ ባለው ጋራዣቸው ሥራ ያስለመዷት ጋሽ ደቻሳ ተቆጡ። "መካኒክነት የሚለመደው እዚሁ ነው፤ የእናትሽን ገንዘብ ገደል አትክተቺው" አሏት።

በማግስቱ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ተበላሽታ፣ ተጎትታ መጣች። ጋሽ ደቻሳ ፒንሳቸውን ይዘው ከባትሪው ኤሌክትሪክ ወደሚያመጣው ወፍራም ብርቱካንማ ገመድ እጃቸውን ሲሰዱ ሩታ ክንዳቸውን ያዘች።

"ይተዉት ጋሼ፤ ይገድላል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። መማር የፈለግኩትም ለዚሁ ነው።"

ባለመኪናው ዓይኑን ከእነሱ ላይ አልነቀለም። ጋሽ ደቻሳ ክንዳቸውን ሊያስለቅቁ ቢታገሉም ሩታ አልለቀቀችም። በመጨረሻ ፒንሳውን አስቀመጡና "መኪናህን ሌላ ቦታ ውሰዳት" አሉት።

መኪናዋ ከሄደች በኋላ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ "በይ ተመዝገቢ" አሏት። "የተማርሽውን ግን ለእኔም ታሳዪኛለሽ።"